የኢርማ ውርወራ

ዘመናትን በሚዛን የሚሰፍር፣ የሰውን ልብ ከነጓዳው የሚያውቅ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። እርሱ ያላየው ብቸኝነት የለም፤ እርሱ ሳያውቀው የሚመሽ ቀንም የለም። ይህችም ትንሽ ታሪክ በእርሱ ዕውቀትና በእርሱ ጊዜ የሆነች ናት፤ እኛ ከዳር ቆመን ያየነውን ያህል ብቻ እንናገራለን።

በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ፣ በሬቨን ሐርበር ከተማ፣ አርቪድ ሳሎ የሚባል ሰው ነበረ። ዕድሜውን የብረት ማዕድን በሚጫንበት ወደብ ላይ በብየዳ ሥራ የፈጀ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ንግግሩ ያነሰ ሰው ነው። ሚስቱ ኢርማ ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ዐርፋ ከሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ተቀበረች። ልጅ አልነበራቸውም። የነበራቸው ማክሰኞ ነበረ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ የከተማው ዲስክ ወርዋሪዎች በሐይቁ ዳር ባለው ጫካ ይሰበሰባሉ። ጨዋታው ለማስረዳት አይከብድም፤ ከመነሻው ቆመው ዲስኩን፣ ሳህን የሚያህለውን ክብ ፕላስቲክ፣ ይወረውራሉ፣ ከወደቀበት ሄደው እንደገና ይወረውራሉ፣ በመጨረሻም ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ያስገቡታል። በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ማክሰኞ ግን የሚጫወቱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ሁለቱም ይወረውራሉ፤ ከሁለቱ የተሻለውን ይመርጡና ሁለቱም ከዚያ ቦታ ይቀጥላሉ። አርቪድና ኢርማ በዚህ ሥርዓት አብረው አርጅተዋል። ከመነሻው ርቆ የሚሄደው የእርሱ ውርወራ ነበር፤ ከቅርጫቱ ሥር የሚያስጠጋው የእርሷ። እርሱ በዚያ ሁሉ ዘመን የቅርቡን ውርወራ አልተማረም፤ አላስፈለገውምና።

የተሰበሰበው ሰው ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን አንድ ሰው ያለ ጓደኛ ይቀራል። በሬቨን ሐርበር ልማድ ያ ሰው መጨረሻ የመጣው ነው። ብቻውን ስለሆነም ዕድሉ እንዳይጎድልበት በየተራው ሁለት ጊዜ እንዲወረውር ይፈቀድለታል፤ አንዱን ስለ ራሱ፣ ሁለተኛውን ስለሌለው ጓደኛው።

በጋው ከገባ ጀምሮ አርቪድ መኪናውን ከጀልባ ማቆያው ኋላ ያቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ከሩቅ ይቆጥራል። ቁጥራቸው ሙሉ፣ ጥንድ ጥንድ የሚወጣ ከሆነ ወርዶ ይቀላቀላል፤ ጎዶሎው እርሱ ይሆናልና። ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ ግን ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጫካው ውስጥ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ መጀመሪያ በራሱ ዲስክ ይወረውራል። ከዚያ የራሱን ቦርሳ መሬት ላይ ያስቀምጥና ከሌላው ትከሻው ላይ ትንሿን አረንጓዴ ቦርሳ ያወርዳል። የኢርማ ናት። ሁለተኛውን ውርወራ ከእርሷ ዲስኮች በአንዱ ይወረውራል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ተናገር ቢሉትም ቃሉን ከየት ያመጣዋል?

የከበደው ጫፉ ነበር። ጫፉ የሚሉት ወደ ሐይቁ ሰተት ብሎ የገባ የድንጋይ ምላስ ነው፤ ቅርጫቱ የቆመው ከመጨረሻው ላይ ነው። በግራ ውኃ፣ በቀኝ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ዛፍ፣ ከፊት ለፊት ነፋስ። በዚህ ቦታ ልል ዲስክ የወረወረ ሰው ዲስኩን ለነፋሱ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ነፋሱ ይገለብጠውና በቀኝ እጅ ለሚወረውር ሰው ወደ ቀኝ ይዞበት ይነጉዳል። ስለዚህ ለጫፉ ግትር የሆነ የማስጠጊያ ዲስክ ያስፈልጋል፤ ለነፋስ የማይበገር፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚመለስ። ግን ግትር ዲስክ እምነት ይጠይቃል። ወደ ቅርጫቱ ካነጣጠሩበት ውኃ ይገባል። ወደ ጥዱ፣ ወደማይፈልጉት አቅጣጫ ጥለውት፣ ይመለሳል ብለው መቆም ነው። ኢርማ ብርቱካንማውን ዲስኳን ወደ ጥዱ ትጥልና ሳታየው ዞር ትል ነበር። እርሱ ነበር የሚያየው፤ ከዛፎቹ አናት ታክኮ፣ እንደ ኖኅ ርግብ ዞሮ፣ ከቅርጫቱ እግር ሥር ሲያርፍ።

በእርሱ እጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተመለሰም። በጋውን ሙሉ ያው ብርቱካንማ ዲስክ ወደ ጥዱ ሄዶ በዚያው ይቀር ነበር። እርሱም ቅርንጫፍ እየገፋ፣ በጉልበቱ እየተንበረከከ፣ ሲፈልገው ያመሻል።

የጨዋታው ወራት መዝጊያ ሊደርስ ሲል ወደ ክላይድ ቤሶ ሄደ። ክላይድ የማክሰኞው ሰብሳቢ ነው፤ ከአሮጌ ቫኑ ኋላ ዲስክ ይሸጣል፤ አፉ እንደ ቫኑ በር አይዘጋም።

«ኧረ አርቪድ! በእግርህ መጣህ? መኪናህ ውስጥ ሥር የሰደድህ መስሎኝ ነበር።»

አርቪድ ብርቱካንማውን ዲስክ አውጥቶ አሳየው። «እንደዚህ ያለ እፈልጋለሁ። ራሱን።»

ክላይድ ዲስኩን ተቀብሎ በሁለት እጁ ለመጥ ለመጥ አደረገው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ እስከ ዓይኑ አንሥቶ ከጎን አየው።

«ይኼ እኮ ግትር ነበረ፤ ድሮ። ስንት ዛፍ መታ? ስንት ሰንሰለት መታ? ጠርዙ ተበልቶ አልቋል። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ልክ እንደ አንተ።»

«ግትር ነው። ላዩ ላይ ተጽፏል።»

«የተጻፈውማ የተወለደ ቀን ነው የተጻፈው! አንተስ የጋብቻ ፎቶህ ላይ ፀጉር የለህም?»

አርቪድ ፈገግ አላለም። «በኢርማ እጅ ይመለስ ነበር።»

ክላይድ ቀልዱን ዋጠ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ኢርማ በለስላሳው ነበር የምትለቀው፤ አርቪድ። ለእሷ ክንድ አሁንም ግትር ነው። አንተ ግን እንደ መርከብ መልሕቅ ነው የምትወረውረው። በዚያ ጉልበትና በዚያ ነፋስ ይኼ ምስኪን ምን ያድርግ? ይገለበጣላ። ጥፋቱ የእጅህም አይደለም፤ የዲስኩም አይደለም። አልተገናኛችሁም፤ በቃ።»

ይህን ለመስማት አልመጣም ነበር። እውነት መሆኑን ግን የእጁ ጅማት ያውቀዋል። ከሣጥኑ ውስጥ ያሉትን አዳዲስ ዲስኮች አንድ በአንድ ያነሣ ጀመር። አናታቸው ጎበጥ ያሉትን ወደ ጎን አደረገ፤ ጎባጣ ይንሳፈፋል እንጂ አይመለስም። ጠፍጣፋዎቹን ለያቸው። ከእነርሱም መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ልም የሚለውን ተወ። ጠርዙ ሥር እንደ ገመድ ቋጠሮ ያለው፣ ደረቅ፣ ጠፍጣፋ፣ ግራጫ አንድ ዲስክ ቀረው። እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

«ልትልሰው ነው እንዴ? ውሰደውና ሂድ!» አለ ክላይድ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «የፊታችን ማክሰኞ መዝጊያችን ነው። ማዕበሉ እንዳይወስደው የጫፉን ቅርጫት በማግሥቱ ይነቅሉታል። ትመጣለህ?»

«አያለሁ» አለ አርቪድ። በልቡ ግን ወስኗል። ክረምቱ ሳይገባ፣ ቅርጫቱ ሳይነቀል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የኢርማን ውርወራ እንደ ኢርማ አድርጎ ሊወረውርላት ነው። ሌላ ምኞት በዚያ ዘመን አልነበረውም።

የመዝጊያው ማክሰኞ ሰማዩ እንደ እርሳስ ከብዶ፣ ሐይቁ ነጭ አረፋ እየተፋ ዋለ። አርቪድ ከጀልባ ማቆያው ኋላ ተቀምጦ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ሙሉ ናቸው። ሁለቱን ቦርሳዎች በሁለት ትከሻው አንግቶ ወረደ። ሰላምታ ተለዋውጦ ከዳር እንደ ቆመ፣ ከሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ካለ አንድ ወፍራም ዛፍ ኋላ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ቀይ የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ሳብ አድርጋለች፤ ቦርሳዋ በግራ እጇ ተንጠልጥሏል።

«ዘገየሁ?» አለች፤ እንዳልዘገየች እያወቀች።

ክላይድ ወደ አርቪድ አየ፤ ወደ እርሷ አየ፤ ጢሙን አከከ። «አልዘገየሽም። ጁኒ ላክሮይ ትባላለች፤ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው። አርቪድ፣ እንግዲህ ቁጥራችን ሞልቷል። ዛሬ ጎዶሎ የለም። ከእሷ ጋር ነህ።»

የአርቪድ እጅ የአረንጓዴዋን ቦርሳ ማንገቻ ጨበጠ። «እኔ... ትከሻዬን አሞኛል። እመለሳለሁ።»

«ብትመለስ ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት» አለ ክላይድ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ቀልድ።

አርቪድ መጥፎ ሰው አልነበረም። ወደ መነሻው ሄደ።

በመጀመሪያዎቹ ቅርጫቶች ላይ ሁለቱም እንደ ተኳረፉ ሰዎች ነበሩ፤ ከአስፈላጊው በቀር ቃል አልወጣቸውም። እርሷ ግራኝ ናት፤ ክንዷ ለስላሳ ነው፤ ርቃ አትወረውርም፤ የወረወረችው ግን የት እንደሚያርፍ ታውቃለች። እርሱ ሁለተኛው ውርወራ ሲደርስ እጁ ሳያስበው ወደ አረንጓዴዋ ቦርሳ ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። ሁለተኛው ውርወራ አሁን የሌላ ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ቅርጫት በኋላ ቦርሳዋ ትከሻው ላይ የከበደችው መሰለው።

ወሬ የጀመረችው ጁኒ ናት። «እንግዲህ እርስዎ ነዎት የማክሰኞዬ ቀበኛ።»

«ምን አልሽ?»

«ሰኔ ላይ ነው የመጣሁት። በዚህ ከተማ ከአውቶቡስ ልጆች በቀር የማውቀው ሰው የለም። ማክሰኞ ዲስክ ይወረወራል ሲሉኝ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ክላይድ 'ዛሬ ሞልተናል፤ ሌላ ሳምንት ነይ' አለኝ። ጫካ ይሞላል እንዴ? ሌላ ሳምንት መጣሁ፤ ሞልቷል። ደግሞ መጣሁ፤ ሞልቷል። ጠረኔ አስጠልቷቸው ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ታጥቤ ሁሉ መጥቻለሁ።»

አርቪድ እርምጃውን ገታ።

«በኋላ ነገሩን ከወርዋሪዎቹ አንዱ፣ ሮይ ነገረኝ። ከጀልባው ማቆያ ኋላ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ጥሎ ይሄዳል አለኝ። እኔ ከገባሁ እርስዎ ይወጣሉ። ሮይ ራሱ ቁጥሩ አልገጥም ሲል ጉልበቴን እያለ ስንቴ ወደ ቤቱ ሄዷል መሰለዎት! ጉልበቱ እንደ ፈረስ ነው።»

«ሁሉም... ያውቃሉ?»

«ማን የማያውቅ አለ? መኪናዎ እኮ ቀይ ነው፤ አቶ ሳሎ።»

ነፋሱ በመካከላቸው አለፈ። አርቪድ ሐዘኑን እንደ ስውር ቁስል በልብስ ሥር ይዞት የሚዞር መስሎት ነበር፤ ለካ ከተማው ሁሉ ቀስ ብሎ፣ እግሩን አንሥቶ፣ እንዳይነካበት ሲዞርለት ከርሟል። የዚያን መዞር ዋጋ ግን ደጅ ቆማ የከፈለችው ይህች ሴት ናት። እርሱ ከሞተችው ጋር ለመሆን ሲል፣ በሕይወት ያለችዋን ስንት ማክሰኞ በባዶ ቤት አስቀምጧታል።

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ገባሽ?» አለ።

«ከዛፉ ሥር ቆሜ፣ ከመኪናው እስኪወርዱ ጠበቅሁ። መቁጠር እርስዎ ብቻ ነዎት የሚችሉት?»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«ተውት እሱን» አለች፤ ኮፍያዋን እያስተካከለች። «እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ይሆናል። የሚናፍቀኝ ሰው ቢኖር።»

ከዚህ በኋላ ጫፉ ደረሱ። ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ ውኃው እስከ ቅርጫቱ ይረጫል። የመጀመሪያው ውርወራቸው ከምላሱ ሥር አርፏል፤ የቀረው ማስጠጊያው ነው፤ የኢርማ ቦታ። አርቪድ ግራጫውን አዲስ ዲስክ አወጣ። ወደ ጥዱ መጣል እንዳለበት ያውቃል። ነገር ግን በጋውን ሙሉ ከዚያ ጥድ ሥር ሲንፏቀቅ ከርሞ ነበርና፣ ዲስኩ ከእጁ ሊወጣ ሲል ልቡ ፈራ፤ ክንዱ ወደ ቅርጫቱ አቀናው። ግትሩ ዲስክ የተፈጠረበትን አደረገ። ነፋሱን ሰንጥቆ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ሐይቁም አንድ ጊዜ ብቻ ነጭ አፉን ከፍቶ ዋጠው።

«ዓሣዎቹ ሳህን አገኙ» አለች ጁኒ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ስትበረብር ፊቷ ከበደ። «እኔም የያዝኩት ሁሉ ልል ነው። ለግራኝ ነፋሱ ወደ ግራ ነው የሚገለብጥብኝ፤ በቀጥታ ውኃ። ግትር ነገር የለዎትም የሚያበድሩኝ?»

አርቪድ ቦርሳውን አየ። ሌላም ሁለት ግትር ዲስኮች አሉት፤ ከባድ፣ ደረቅ፣ ለእርሱ ክንድ የተመረጡ። በእርሷ ለስላሳ ክንድ ነፋሱን ሳይሰነጥቁ ወደ ቀኝ ተሰብረው ጥዱ ውስጥ ይቀራሉ። ይህን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያሻም። በለስላሳ ለሚለቅ ሰው የሚሆነው፣ ለዓመታት ተገርቶ፣ ግን ገና የሚመለሰው አንድ ብቻ ነው። በግራኝ እጅ ግን ወደ ቀኝ ነውና የሚመለሰው፣ ሴቲቱ ወደ ውኃው፣ በክፍቱ ሐይቅ ላይ መጣል አለባት። ካልተመለሰ ጥድ የለም፤ ተንበርክኮ መፈለግ የለም፤ ነገር ሁሉ አለቀ።

«አለኝ እኮ ሌላ» ብሎ አንዱን ደረቅ ዲስክ አነሣ። እርሷም እጇን ዘረጋች፤ አምናው።

እጁ በአየር ላይ ቀረ። ዲስኩን መልሶ ከተተው። አረንጓዴዋን ቦርሳ ከትከሻው አውርዶ ብርቱካንማውን አወጣ።

ጁኒ ገለበጠችው። ከሥሩ በሴት እጅ የተጻፈውን ስም አነበበችና ቀና አለች። «ይኼንንስ አልወረውርም።»

«ለክንድሽ የሚሆነው እሱ ነው።»

«ውኃ ቢገባስ?»

«ወደ ቅርጫቱ እንዳታነጣጥሪ። ወደ ሐይቁ ጣይው። ይመለሳል።»

«እርስዎ ያምናሉ?»

«እሷ ታምን ነበር» አለ።

ጁኒ ኮፍያዋን አውልቃ ኪሷ ከተተች። እንደ ጸሎት ያለ ነገር ይሁን፣ ዓይኗን ለማጥራት ይሁን፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያም በግራ እጇ፣ በለስላሳው፣ ለቀቀችው። ዲስኩ በውኃው ላይ ወጣ፤ ከነጩ አረፋ በላይ፣ ነፋሱ ላይ ተደግፎ ዘገየ። አርቪድ ለብዙ ዓመታት ሲያየው የኖረውን ነገር በተገላቢጦሽ አየው፤ ከዛፎቹ ሳይሆን ከሐይቁ፣ ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ። ዲስኩ ጠርዙን ዝቅ አደረገ። ዞረ። ከውኃው ርጭት ላይ አልፎ ጠጠሩን መታና ተንከባለለ፤ ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ በጎኑ ወደቀ። ከእግሩ ሥር አልደረሰም። ግን ምድር ላይ ነው።

«የማንን እንውሰድ?» አለች ጁኒ። «ያው የእርስዎ ከዓሣዎቹ ጋር ነው።»

አርቪድ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ፤ እንባውን ነፋሱ ያመጣው እንዲመስል። ከወደቀበት ሆነው ሞከሩ፤ እርሷ ሰንሰለቱን ጭራ ሳተች፤ እርሱ አስገባ። በዚያ ቀን ያሸነፉ ሌሎች ናቸው።

ከጨዋታው በኋላ ሰው ሁሉ ተበተነ። ጁኒ ዲስኩን በሹራቧ እጅጌ አድርቃ መለሰችለት፤ እርሱም ተቀብሎ ወደ አረንጓዴዋ ቦርሳ ከተተው። ሊሰጣት አልቻለም፤ እርሷም አልጠየቀችውም።

«ዲስክ ያስፈልግሻል» አለ አርቪድ። «ለነፋስ። ክላይድ ለዓይን የሚያምረውን ነው የሚያሸክምሽ። ቅዳሜ እሱ ጋ ነይ፤ እኔ እመርጥልሻለሁ። አዲስ ሲሆን ግን ያስቸግራል። እስኪገራልሽ ዓመታት ይፈልጋል።»

«ጊዜስ ሞልቶኛል» አለች ጁኒ። ኮፍያዋን ደፍታ፣ የሐይቁን ዳር መንገድ ይዛ፣ በእግሯ ሄደች።

አርቪድ ወደ ቤቱ ገባ። ማንም አልነበረም። ሾርባ አሞቀ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን። መስኮቱን ነፋሱ ይገፋው ነበር፤ ቤቱ እንደ ትናንቱ ባዶ፣ ወንበሩ እንደ ትናንቱ ባዶ ነበረ። እርሱ ግን ከሾርባው ሊበላ ሲቀመጥ ክላይድ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ለማስታወስ ሲሞክር ራሱን አገኘው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የብቸኞችን መሐሪ የሆነ አምላክ ቤታችሁን ይጎብኝ፤ ከማዕዳችሁ ሰው አይጉደል፤ ቢጎድልም በደጃችሁ የቆመውን እንድታዩ ዓይናችሁን ያብራላችሁ፤ የሄዱባችሁን በዕረፍት፣ የቀሯችሁን በጤና ያቆይላችሁ። አሜን።